ሳይዘፍን አይቶ ድምፁን ማወቅ ይቻላል? ስለ ኮሪያው የግምት ጨዋታ እናውራ

ሚኪ_ሳሪስ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን አንድ የኮሪያ ጨዋታ ይዞኝ እንቅልፍ አሳጥቶኛል። «አይ ካን ሲ ዩር ቮይስ» ይባላል። ኤምኔት የተባለው የሙዚቃ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 የጀመረው ነው። ላላያችሁት ባጭሩ ላስረዳ።

አንድ የታወቀ ድምፃዊ ይጋበዛል። መድረኩ ላይ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ይደረደራሉ። ገሚሶቹ የለየላቸው ዘፋኞች ናቸው። ሌሎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ጆሮ የሚያሲዙ ናቸው። እንግዳው አንዳቸውም ሲዘፍኑ ሳይሰማ መዝፈን የማይችሉትን እየለየ ማስወጣት አለበት። ፊታቸውን ያያል። አለባበሳቸውን ያያል። ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያያል። የተባረረው ሰው ከመሄዱ በፊት ማይክ ይይዝና ይዘፍናል፤ እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው ከእንግዳው ጋር አብሮ ይዘፍናል። ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ ነጠላ ዜማ ይለቀቅለታል። ሁሉንም ሸውዶ እዚያ የደረሰ ድምፅ የለሽ (መዝፈን የማይችል ሰው) ከሆነ ደግሞ 5 ሚሊዮን ዎን ይዞ ወደ ቤቱ።

እህቴ «ዘዴ አለው፣ አይቶ መለየት ይቻላል» ትላለች። እኔ ሎተሪ ነው ባይ ነኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሲዘፍኑ የኖሩ ሰዎች እዚያ ቆመው ጎበዙን ሲያባርሩ እያየሁ እንዴት ዘዴ አለው ልበል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቤዛ_ኬድራማ

እሰይ! ስለዚህ ሾው የሚያወራ ሰው ተገኘ። ብቻዬን ያበድኩ መስሎኝ ነበር።

ሚኪ፣ ትንሽ ልጨምርልህ። ዙሮቹ ቅደም ተከተል አላቸው። የመጀመሪያው በመልክ ብቻ ነው፤ ዝም ብለው ይቆማሉ። ቀጥሎ ሊፕሲንክ ይመጣል። ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። ጎበዙ ሰው አፉን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ አስቀድሞ በቀረፀው ድምፅ ላይ ነው። የማይችለው ደግሞ ሌላ ሰው በዘፈነለት ላይ። ስለዚህ የምትሰማው ድምፅ ሁሉ ያምራል። ጥያቄው «ይሄ ድምፅ የዚህ ሰው ነው ወይ?» ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማስረጃ ይቀርባል፦ ቪዲዮ፣ ፎቶ፣ ስለ ሰውየው የሚመሰክር ሰው።

በነገራችን ላይ ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ከአቅራቢዎቹ አንዱ ኪም ጆንግ ኩክ ነው። ራኒንግ ማን የተባለውን የኮሪያ መዝናኛ ፕሮግራም የምታዩ ታውቁታላችሁ። ጡንቻው ሸሚዝ ሊቀድ ይደርሳል። ሲዘፍን ግን ድምፁ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ አይኑን ጨፍኖ የሰማው ሰው ያንን ሰውነት በፍጹም አይገምትም። በቁመና ድምፅ የሚገምት እንግዳ አቅራቢውን ዞር ብሎ ቢያይ ይበቃው ነበር ሃሃሃ።

ደግሞ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ህዋንግ ቺ ዮል የሚባል ዘፋኝ አለ። ሥራ የጀመረው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ለዓመታት ግን የሚያውቀው አልነበረም። ሌሎችን ድምፅ እያሰለጠነ ነበር የሚኖረው። በ2015 እዚህ ሾው ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ ሰው» ሆኖ ቆመ። ዘፈነ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ተቀየረ። በሚቀጥለው ዓመት ቻይና ሄዶ በትልቅ የዘፈን ውድድር ላይ ስሙ ገነነ።

ሀና_ሲልቨር

እኛ ጋ የሚታየው የአሜሪካው ነው። ፎክስ በሴፕቴምበር 2020 ጀመረው። ኬን ጆንግ ነው የሚመራው፤ ያ ዶክተር የነበረው ኮሜዲያን። ኮቪድ ቤት ዘግቶብን ስለነበር ያላየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ትልቁ ልዩነት ገማቹ ነው። ኮሪያ ላይ ገማቹ ታዋቂ ዘፋኝ ነው። እዚህ ተራ ሰው ነው፤ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ማንም። ስድስት ሰዎች ይቆማሉ። አንድ የማይችል ሰው ባስወጣ ቁጥር 15 ሺህ ዶላር ያገኛል። ጎበዙን ካባረረ ለዚያ ዙር ምንም የለም። መጨረሻ ላይ የሰበሰበውን ይዞ መሄድ ወይም ለ100 ሺህ ዶላር ሁሉንም አስይዞ የቀረውን ሰው ማዘፈን ይችላል። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው እዚያ ሲቆም ላቡ ይታያል። እኔን የሚይዘኝ እሱ ነው እንጂ የዳኞቹ ጫጫታ አይደለም። ጫጫታው እንዲያውም በዝቷል። አንድ ዙር ለማየት ስንት ጩኸትና ስንት ማስታወቂያ ማለፍ አለብህ።

እማዬ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትም። ግን ከሁላችንም በላይ የምትገምተው እሷ ነች። ምን እያየሽ ነው ስላት «የሚዋሸው ሰው አፉ ይዘፍናል፣ አይኑ ግን እኛን ያየናል» አለችኝ።

ጆንያ

እኔ የማየው ጫማ ነው። ጫማው በጣም የተወለወለ ሰው ዘፋኝ አይደለም። እስካሁን አልከዳኝም።

ያሬድ_ድምፅ

ድምፅ አስተምራለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሎተሪ አይደለም። ግን ሰው የሚያየው የተሳሳተ ቦታ ነው። ሁሉም ከንፈር ላይ ያፈጣል። ከንፈር ደግሞ ቀላሉ ነገር ነው። አንድ ዘፈን ደጋግሞ የሰማ ሰው ከንፈሩን ማስኬድ አያቅተውም። እኔ የማየው ትንፋሽን ነው።

ሰው ከረጅም ስንኝ በፊት አየር ይስባል። ያልሰለጠነው ትከሻውን ከፍ አድርጎ ይስባል። የሰለጠነው ጎኑንና ሆዱን ያሰፋል፤ ትከሻው ብዙም አይነቃነቅም። እዚህ ድረስ ማንም ይነግራችኋል።

ወጥመዱ ከዚህ በኋላ ነው። ቤዛ እንዳለችው ጎበዙም ቢሆን እዚያ ሰዓት እየዘፈነ አይደለም። በተቀረፀ ድምፁ ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ደረቱን ሞልቶ ላይስብ ይችላል። አንገቱ ላይ ደም ስሩ ላይቆም ይችላል። «አልተነፈሰም፣ ውሸታም ነው» ብላችሁ ከፈረዳችሁ ጎበዙን ሸኛችሁ ማለት ነው። ታዋቂ ዘፋኞች የሚሸወዱት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይመስለኛል። ራሳቸው በቀጥታ ሲዘፍኑ የሚሰማቸውን ነገር ሰውየው ላይ ይፈልጋሉ፤ ሰውየው ደግሞ እየዘፈነ አይደለም።

ምን ያህል ተነፈሰ ከማለት ይልቅ የት ቦታ ተነፈሰ በሉ። ጥሩ ቀረጻ ላይ ዘፋኙ አየር የሳበበት ቦታ ለጆሮ ይሰማል። የራሱን ድምፅ የሚከተል ሰው እዚያችው ቦታ ላይ ሳያስበው አፉን ከፈት ያደርጋል፤ አገጩ ይዘጋጃል። ሰውነቱ ያንን መንገድ አንዴ ሄዶበታል። የሌላ ሰው ድምፅ የተሰጠው ግን ግጥሙን ሸምድዶ ይመጣል። ትንፋሹን መሸምደድ ትዝ የሚለው ጥቂት ነው። ቃሉ ሲጀምር ነው አፉ የሚከፈተው፤ ከቃሉ በፊት አይደለም።

ሌላው ማይኩ ነው። መድረክ የለመደ ሰው ድምፁ ከፍ ሲል ማይኩን ራቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ሲል ያስጠጋዋል። ይሄ በእጅ ውስጥ የሚቀር ልማድ ነው። ያለመደ ሰው ወይ ማይኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቦታ ያደርቀዋል፣ ወይ ደግሞ ቪዲዮ ላይ ያየውን እያጋነነ ያወዛውዘዋል።

የስንኝ መጨረሻንም አትርሱ። መጀመሪያውን ሁሉም ያምርለታል። ድምፁ እየሳሳ ሲጠፋ አፉን ቀድሞ የሚዘጋው ማነው? እሱን ጠርጥሩ።

ሚኪ_ሳሪስ

መምህር፣ እናመሰግናለን። ይሄን ለእህቴ ካነበብኩላት ቤት ውስጥ መኖር አልችልም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰዎቹ እኮ ተለማምደው ነው የሚመጡት። ትንፋሹንም ቢያስለምዷቸውስ?

ያሬድ_ድምፅ

ጥሩ ተዋናይ ከሆነ ያበላሽብናል፤ አልክድም። ቲያትር የሠራ ሰው እዚያ ሾው ላይ በጣም አደገኛ ነው። ግን ትንፋሹን ሲያስብ ማይኩን ይረሳል፣ ማይኩን ሲያስብ አይኑ ይፈዛል። ሁሉንም አንድ ላይ መያዝ ከመዝፈን አይቀልም።

ሰላም_ላብ

ሚኪ «ሎተሪ» ስላልክ ነው የመጣሁት። በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ፤ ደስ የሚሉ ናቸው።

ቺያ ጁንግ ሳይ የምትባል ተመራማሪ በ2013 ያሳተመችው አለ። በትላልቅ የክላሲካል ሙዚቃ ውድድሮች ለመጨረሻ ከደረሱት ሦስት ሰዎች ማን እንዳሸነፈ ሰዎች እንዲገምቱ አደረገች። ለአንዳንዶቹ ድምፅ ብቻ ሰጠች፣ ለሌሎቹ ድምፅ የሌለው ቪዲዮ፣ ለቀሩት ሁለቱንም። አስቀድማ ስትጠይቃቸው አብዛኞቹ «ወሳኙ ድምፁ ነው» አሉ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። አሸናፊውን በተሻለ ሁኔታ የለዩት ድምፁ የጠፋውን ቪዲዮ ያዩት ናቸው። የሚገርመው ሙዚቀኞቹም ከሌላው ሰው የተለዩ አልነበሩም። ድምፅ ብቻ የሰሙት በጭፍን ከመገመት አልተሻሉም።

ሌላ አለ። ቶምሰንና ሩሶ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ዘፋኞች ከአንድ ኖታ ወደ ሌላ ሲዘሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ድምፁን አጥፍተው ለሰው አሳዩ። ተመልካቾቹ ዝላዩ ትልቅ ይሁን ትንሽ ከፊትና ከጭንቅላት እንቅስቃሴ ብቻ መለየት ችለዋል። ቅንድብ ከፍ ሲል፣ ጭንቅላት ሲነቃነቅ፣ አፍ ሲሰፋ። ስለዚህ ሀና፣ እናትሽ ያለ ምክንያት አይደለም የሚገምቱት።

ግን አንድ ልዩነት አለ። ሳይ ያሳየቻቸው ሁሉም ጎበዞች ነበሩ፤ ማንም ሊያታልል አልተነሳም። እዚህ ሾው ላይ ግማሹ ሰው ሆን ብሎ ሊያታልልህ ነው የቆመው። ስለዚህ ጥናቱን ወስዶ «ይኸው፣ ይቻላል» ማለት አይቻልም። «አይን ሙዚቃ ላይ ብዙ ይፈርዳል» ማለት ግን ይቻላል። በትክክልም በስህተትም።

ሌላ ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። እነዚያ ድምፅ የለሾች የተባሉት ሰዎች ጆሯቸው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ዜማ መለየት በተፈጥሮ የማይችል ሰው በጣም ጥቂት ነው። በ2017 ሞንትሪያል ያለችው ኢዛቤል ፔሬትዝና ባልደረባዋ ወደ 20 ሺህ ሰው ፈትነው ያገኙት 1.5 ከመቶ ገደማ ነው። የቀረው መዝፈን የማይችል ሰው ኖታውን በትክክል ይሰማል፤ ጉሮሮው ነው የማይታዘዝለት። ለዚህ ነው ሊፕሲንኩን አሳምረው የሚሠሩት። ጆሮው ደህና ነው፣ ምቱ ደህና ነው፣ ድምፁን ደግሞ ሌላ ሰው ሸፍኖለታል። ምን ቀረ?

ቤዛ_ኬድራማ

ይሄ ነገር ብዙ ገለጠልኝ። የኮሪያዎቹ ድምፅ የለሾች ዳንሳቸው ፍጹም ነው፣ ምታቸው ፍጹም ነው። ከዚያ ማይኩ ሲበራ… አምላኬ።

ኮስትር

ሁላችሁም ዘዴ ዘዴ ትላላችሁ። እኔን ግን ሾው ራሱ ይረብሸኛል። መዝፈን የማይችል ሰው አቁመህ ሚሊዮን ሰው እንዲስቅበት ማድረግ ምን ጨዋታ ነው?

ሀና_ሲልቨር

ፈልጎ ነው እኮ የመጣው ወንድሜ። ማንም ጎትቶ አላመጣውም። የእንግሊዙን ደግሞ እይ። ቢቢሲ ዋን በ2021 ጀምሮት ነበር። ሁለት ሰዎች አብረው ይገምታሉ፣ ሽልማቱ 10 ሺህ ፓውንድ ነው። መጨረሻ ላይ የመረጡት ሰው መዝፈን የማይችል ከሆነ ገንዘቡን የሚወስደው እሱ ነው። ማነው የተሳቀበት?

ኮስትር

ገንዘቡን ተይው። እኔ የምለው የመጀመሪያውን ዙር ነው። መልክ አይቶ መፍረድ። ዘፋኞቹና ዳኞቹ ምን ሲሉ ነው የምንሰማው? «ይቺ በጣም ቆንጆ ነች፣ ዘፋኝ አትመስልም።» «ይሄ ወፍራም ነው፣ ድምፅ ይኖረዋል።» «ይሄ የቢሮ ሠራተኛ ይመስላል፣ ይውጣ።» እኛም ቤት ተቀምጠን እንደዚያው ነው የምንለው። ጆንያ ጫማ አያለሁ ያለው ቀልድ ነው፤ የሌሎቻችን ግን ቀልድ አይደለም።

ሱዛን ቦይል በአፕሪል 2009 ብሪቴንስ ጎት ታለንት በሚባለው የእንግሊዝ የተሰጥኦ ውድድር ላይ ስትወጣ አዳራሹን አስታውሱ። ገና ሳትዘፍን ሰው ሲሳሳቅ፣ አይን ሲገላበጥ ነበር። 47 ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯ አልተሠራም፣ ልብሷ የሰንበት ልብስ ነው። ከዚያ አፏን ከፈተች። ያ አዳራሽ አፍሮ ቆሞ አጨበጨበ። እዚህ ሾው ላይ ያንን የመጀመሪያ ሳቅ ወስደው ዙር ብለው ስም አወጡለት።

ቤዛ_ኬድራማ

ኮስትር፣ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። ሾው ያንን ፍርድ የሚቀጣ ነው። በመልክ የፈረደ እንግዳ ጎበዙን ያባርራል፤ ከዚያ ጎበዙ እፊቱ ቆሞ ይዘፍናል፤ ካሜራው የእንግዳውን ፊት ይይዛል። ከዚህ በላይ ምን ቅጣት አለ? ዘ ቮይስን አስብ፤ ሆላንድ በ2010 የጀመረችው። ዳኞቹ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ድምፅ ብቻ ይሰማሉ። ያ «እኛ በመልክ አንፈርድም» የሚል ነው። ይሄ ደግሞ «እንደምትፈርዱ እናውቃለን፣ ኑና እንያችሁ» የሚል ነው። እኔ ሁለተኛው የበለጠ ሐቀኛ ይመስለኛል።

ኮስትር

ተቀጥቶስ? በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እንግዳ መጥቶ ያንኑ ይላል። ስንት ሲዝን ሆነው?

ሰላም_ላብ

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብዬ ላስታርቃችሁ አልፈልግም። ጥያቄው በምን ይፈተናል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ዙር ውጤት ከሊፕሲንኩ ጋር ማወዳደር ነው። ሰዎች በመልክ ሲያባርሩ ስንቱ ልክ ሆነ፣ በሊፕሲንክ ሲያባርሩስ? ጊዜ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ቢቆጥር ኮስትርና ቤዛ የሚከራከሩበት ቁጥር ይገኝ ነበር።

አዛውንቱ_ካሴት

ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። ይሄ ሊፕሲንክ የምትሉት አዲስ ነገር መስሏችሁ ከሆነ ላጫውታችሁ።

ሚሊ ቫኒሊ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ሮብ ፒላተስና ፋብ ሞርቫን። ፀጉራቸው ረጅም፣ ሰውነታቸው የተስተካከለ፣ ጭፈራቸው እሳት። ካሴታቸው ነበረኝ። በ1989 ክረምት አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ መድረክ ላይ ሳሉ ከጀርባ የሚጫወተው ድምፅ ተሰናከለ። አንዲት ስንኝ ትደጋግማለች፣ ትደጋግማለች። ሮብ ግራ ተጋብቶ መድረኩን ጥሎ ሮጠ። እንደዚያም ሆኖ በ1990 መጀመሪያ ላይ የአዲስ አርቲስት ግራሚ ተሸለሙ! ኖቬምበር ላይ አዘጋጃቸው ጀርመናዊው ፍራንክ ፋሪያን በአልበሙ ላይ የዘፈኑት እነሱ እንዳልሆኑ በአደባባይ ተናገረ። ሽልማቱ ተነጠቀ። የዘፈኑት ብራድ ሃውል፣ ጆን ዴቪስና ቻርልስ ሾው የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ፊታቸውን የሚያውቅ አልነበረም።

ያው ፋሪያን ማን መሰላችሁ? ቦኒ ኤም የሚባለውን የዲስኮ ቡድን የፈጠረው ሰው ነው። ቦኒ ኤም ላይ ያ ዘለግ ያለው ቦቢ ፋረል ይጨፍራል፤ በካሴቱ ላይ የምንሰማው ወፍራም የወንድ ድምፅ ግን የፋሪያን የራሱ ነው። በስንቱ ሰርግ ጨፍረንበታል! ማንም አልጠረጠረም።

እና የኔ ጥያቄ ይሄ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ባለሙያ፣ ግራሚ የሚሰጡት ጭምር፣ አይተው ማወቅ አልቻሉም። እናንተ በአንድ ዙር ታውቃላችሁ?

ሚኪ_ሳሪስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኔን ወገን የሚይዝ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። ቦኒ ኤምን አላውቅም ነበር፤ አባቴ ሲሰማ ምን ይል ይሆን።

ያሬድ_ድምፅ

ጋሼ ያነሱት ጥሩ ነው። ልዩነቱ ግን ማንም እየፈለገ አለመሆኑ ነው። ሰው ሊጨፍር ሄዶ የዘፋኙን አገጭ አይመረምርም። እዚህ ጨዋታ ላይ ግን ከመጀመሪያው ተነግሮሃል፤ ከመካከላቸው ውሸታም አለ። ይሄ ብቻውን አይንን ይስላል።

ፍፁም_ደባ

በኛ አገር ቢሠራስ? የዘፈን ውድድር አላጣንም። ባላገሩ አይዶል ነበር፣ ፋና ላምሮት አለ። ሁሉም ግን ሰምተህ የምትፈርድባቸው ናቸው። አይቶ መገመት የሚባል አላየሁም።

ይሄን ለመገመት ከኛ የተሻለ የሰለጠነ ሕዝብ ደግሞ የለም። የበዓል ፕሮግራም እያየን ያደግን ልጆች ነን እኮ። ጊታሩ አልተሰካም፣ ድራሙ ጋ ዱላው አየር ላይ ነው፣ ዘፋኙ ሜዳ ላይ እየሮጠ ነው፣ ድምፁ ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው። በፕሌይባክ ዶክትሬት አለን።

ችግሩ ሌላ ነው። እኛ አገር ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከየት ይመጣል? መድረክ ላይ የቆመውን ልጅ አይተህ «ይሄማ የነእንትና ልጅ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አብሮን ዘምሯል» የሚል ሰው ወዲያው ይገኛል። ክፍሉ ሳያልቅ ቲክቶክ ላይ የድሮ ቪዲዮው ይወጣል። ገማቹም ቢሆን ከተወዳዳሪዎቹ ግማሹን በሰርግ ያውቃቸዋል።

ጆንያ

ያባረሩት ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም። ሽማግሌ ይዞ ይመለሳል።

ትዝታ_ረሖቮት

ሰላም ሁላችሁ። እኔ ከእስራኤል ነኝ። መምህር ያሬድ፣ አንድ ነገር ሁሌ ያሳስበኛል። «ጥሩ ድምፅ» የሚባለው እዚያ ሾው ላይ በነሱ ዜማ የሚለካ ነው። አንዱ የኛ ሰው ሄዶ በአንቺሆዬ ቢዘፍን «ከኖታ ወጣ» ብለው ድምፅ የለሽ ያደርጉታል አይደል? ልጆቼ እዚህ የተወለዱ ናቸው። የአያታቸውን ዘፈን ሲሰሙ «ትክክል ነው ወይስ ፎልስ ነው?» ይሉኛል።

ያሬድ_ድምፅ

እህቴ፣ ከዚህ ክር ሁሉ በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው።

አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው የቆሙት በአምስት ድምፆች ላይ ነው። አንቺሆዬ ውስጥ እርስ በርስ በጣም የተጠጉ ድምፆች አሉ። ሌላ ዜማ ላይ ያደገ ጆሮ እዚያ ሲደርስ አንድ ነገር የተንሸራተተ ይመስለዋል። ክራርና ማሲንቆ ደግሞ በፒያኖ ልክ አይደለም የሚቃኙት፤ ተጫዋቹ በጆሮው ነው የሚያስተካክለው። አንዳንድ ስቱዲዮ ውስጥ በአንቺሆዬ የተዘፈነ ድምፅ ላይ ኦቶቲዩን ያለ ጥንቃቄ ሲጭኑበት ሰምቼ አውቃለሁ። ማሽኑ «ስህተት» ያለውን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ኖታ ይጎትተዋል። የሚወጣው ነገር ንጹሕ ነው፣ ግን አንቺሆዬ አይደለም።

ለልጆችሽ እንዲህ በያቸው። ፎልስ ማለት ዘፋኙ ራሱ በያዘው ቅኝት ውስጥ ቦታውን ሲስት ነው። ትዝታ የጀመረ ሰው መሃል ላይ ሳያውቀው ባቲ ውስጥ ከገባ እሱ ፎልስ ነው። አያታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ትክክል ናቸው።

አይቶ ለመገመት ደግሞ የኛ ዘፈን ይቀላል ባይ ነኝ። እኛ ድምፁን አንድ ቦታ አናቆመውም፤ እናረግበዋለን። ይሄ ጉሮሮ ላይ ይታያል፣ አገጭ ላይ ይታያል። አዝማሪ ቤት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ያንን በሌላ ሰው ድምፅ ላይ አስመስሎ መሥራት ከባድ ነው። የፖፕ ባላድ ረጅም ቀጥ ያለ ድምፅ ስለሚበዛው ለአታላይ ይመቻል።

ትዝታ_ረሖቮት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። ዛሬ ማታ አነብላቸዋለሁ።

ሚኪ_ሳሪስ

ወሬ ይዤ መጣሁ። ትናንት ቤት ሞከርነው። የአክስቴ ልጆች መጥተው ስለነበር አምስት ሆንን። በየክፍሉ ገብተን በስልክ ቀረፅን። ከመሃላችን ሁለቱ የራሳቸውን ድምፅ፣ ሁለቱ የሌላ ሰው ድምፅ ተሰጣቸው። እህቴ ገማች ሆነች። ማይክ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ነው።

እህቴ የመምህርን ጽሑፍ አንብባ ነው የገባችው። የመጀመሪያውን አታላይ ወዲያው ያዘችው። ልጁ ግጥሙን አንድም አልሳተም፤ ግን ሁሉም ስንኝ ላይ አፉ የሚከፈተው ቃሉ ሲጀምር ነበር። ሁለተኛዋ ግን ሸወደቻት። እሷ የተሰጣት የታናሽ እህቷ ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ሕፃን ሆነው ጀምሮ አብረው ይዘምራሉ። ትንፋሿ የት እንደሚመጣ ታውቃለች።

እህቴ «ዘዴው ሠርቷል» ትላለች። እኔ ግን በመልክ ዙር ላይ አሁንም ሎተሪ ነው እላለሁ። እዚያ ዙር ላይ መጀመሪያ ያባረረችው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ የራሴን ድምፅ ነበር የያዝኩት።

ኮስትር

እና ለምን አባረረችህ?

ሚኪ_ሳሪስ

«ፊትህ ዘፋኝ አይመስልም» ብላ።

ኮስትር

ሌላ የምጨምረው የለም።

ቤዛ_ኬድራማ

ሃሃሃሃ። ሚኪ፣ እህቶቹ ያደረጉት ነገር በጣም ገረመኝ። መምህር፣ ለዚያ መድኃኒት አለው?

ያሬድ_ድምፅ

አብረው ያደጉ ዘማሪዎች ከሆኑ እኔም እሸወዳለሁ። በአንድ መዘምራን ውስጥ የኖሩ ሰዎች አብረው መሳብ ይለምዳሉ። ለሚቀጥለው ጊዜ ድምፁን ከማያውቁት ሰው ስጧቸው፤ ከተቻለ ከወንድ ለሴት ሳይሆን በዕድሜ ከሚራራቅ ሰው። ቀረጻው ላይም ትንፋሹ እንዲሰማ ስልኩን ቀረብ አድርጉት። አንዳንድ ስልክ ጫጫታ የሚቀንስበትን ነገር ካበራችሁት ትንፋሹን ያጠፋዋል፤ አጥፉት።

ጆንያ

ማይክ በእጁ ያልያዘ ዘፋኝ ቢሆንስ? ጆሮው ላይ የሚሰካውን ዓይነት?

ያሬድ_ድምፅ

ያኔ ማይኩን እርሳና ከጆሮው ሥር ያለውን የመንጋጋ ማጠፊያ እይ። ከፍ ባለ ድምፅ ላይ በእውነት የሚለማመድ ሰው እዚያ ጋ ወደ ታች ይለቀዋል። አስመሳዩ ከንፈሩን ወደ ጎን ያሰፋል፤ ፈገግታ ይመስላል።

ሀና_ሲልቨር

እሑድ እማዬ ጋ ቡና አለ። ሁላቸውንም አሰልፋቸዋለሁ። ሪሞት ማን ያምጣ?